«ከእናቷ የመጣ ስጦታ አሮጌ እንዲሆን አልፈልግም»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከሻርጃ ነው፤ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ደሴ ከእናቴ ጋር የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ትቻት ስመጣ ገና 1ኛ ክፍል ነበረች።

በቀደም በኢሞ ስናወራ «እማ፣ ላፕቶፕ ትገዢልኛለሽ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ጫማ እንኳ የምልክላት ቁጥሯን ከእናቴ ጠይቄ ነው። ወዲያው እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ግን ግራ ገብቶኛል። 1,100 ድርሃም አጠራቅሜያለሁ። ሞል ውስጥ አንድ አዲስ፣ ቀጭን፣ ሮዝ ቀለም ያለው ላፕቶፕ አየሁ፤ ዋጋው 999 ድርሃም ነው። ማዳሜ ደግሞ «የልጄን የድሮውን በነጻ ውሰጂው» ብላኛለች። ጓደኛዬ «ከዱባይ ያገለገለ ግን ጠንካራ ግዢላት» ትለኛለች። እኔ ልጄ ካርቶኑን ስትከፍት አዲስ ዕቃ እንድታይ ነው የምፈልገው። ከእናቷ የመጣ ስጦታ አሮጌ እንዲሆን አልፈልግም።

ወንድሜ «ታብሌት ይበቃታል፣ ልጅቷን አታበላሻት» ይላል። እሱም እዚያው ቤት ነው የሚኖረው፤ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለው። እናቴ ደግሞ ሌባ ትፈራለች። ስለ ኮምፒውተር ምንም አላውቅም። ሱቅ ስገባ የሚያወሩት አይገባኝም፣ መጠየቅም አፍራለሁ። ጓደኛዬ በሚቀጥለው ወር አገር ስለምትገባ በእሷ ልልከው አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የደሴዋ እናት፣ ከሻርጃ

ውድ እህታችን፣

ጫማ ቁጥሯን እንኳ በአያቷ በኩል የምትነግርሽ ልጅ ራሷ «እማ ትገዢልኛለሽ?» ብላ ጠየቀችሽ። ደብዳቤሽን ስናነብ ከሁሉ በፊት ደስ ያለን ይኼ ነው። አንቺም ያለቀስሽው ለዚሁ ይመስለናል።

ግን አንድ ነገር እንጠይቅሽ። ለምን እንደፈለገችው ጠይቀሻታል? በደብዳቤሽ ውስጥ የወንድምሽ ሐሳብ አለ፣ የእናትሽ ስጋት አለ፣ የማዳምሽና የጓደኛሽ ምክር አለ። የልጅቷ ሐሳብ ግን የለም። ቶሎ እሺ ስላልሻት ለማስረዳት ጊዜ አላገኘችም ይሆናል። በሚቀጥለው ስትደውዪላት መጀመሪያ «ቃሌን አልረሳሁም፣ እገዛልሻለሁ» በያት፤ ሐሳብሽን የቀየርሽ እንዳይመስላት። ከዚያ «ሲመጣ መጀመሪያ ምን ልትሠሪበት አስበሻል?» ብለሽ ዝም ብለሽ አዳምጫት። ክፍል ውስጥ አይሲቲ ሲያስተምሩ ኮምፒውተሩ ለብዙ ልጅ አንድ ሆኖ ሳትነካው ቀርታ ይሆናል። ጓደኛዋ ቤት አይታ ይሆናል። መተየብ ትፈልግ ይሆናል፣ መሳል ትፈልግ ይሆናል። ወይም አንቺን በትልቅ ስክሪን ማየት አምሯት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ጥሩ ምክንያት ነው።

የወንድምሽን ሐሳብም በአንድ ቃል አንጣለው። ልጅቷ የምትፈልገው ቪዲዮ ማየትና መጽሐፍ ማንበብ ብቻ ከሆነ ታብሌት ይበቃታል። ቀላል ነው፣ ባትሪውም ይቆያል። መጻፍ፣ የአይሲቲ ትምህርቷን መለማመድ፣ ኮዲንግ መሞከር ከፈለገች ግን ኪቦርድ ያለው ነገር ያስፈልጋታል። እኛ በዚህ ዕድሜ ላለች ተማሪ ወደ ላፕቶፑ እናደላለን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ልጅሽ እዚያ ስትደርስ ማውዝና ኪቦርድ ለእጇ አዲስ ባይሆኑባት አንድ ጭንቀት ይቀንስላታል። ለወንድምሽም ይኼንኑ ብትነግሪው ነገሩን እንደ ቅንጦት ማየቱን ይተው ይሆናል።

አሁን ወደሚያስጨንቅሽ ነገር እንምጣ። «ከእናቷ የመጣ ስጦታ አሮጌ እንዲሆን አልፈልግም» ብለሻል። ስሜትሽ ይገባናል። ስንት ዓመት ሰው ቤት ስትለፊ ኖረሽ፣ ለልጅሽ ደግሞ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን መላክ ይከብዳል። ቢሆንም ስለዚያ ሮዝ ላፕቶፕ እውነቱን ሳንነግርሽ ማለፍ አንችልም። በዚያ ዋጋ የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ ራማቸው 4 ጂቢ፣ ማስቀመጫቸው ደግሞ 64 ወይም 128 ጂቢ ነው። ራም ማለት ማሽኑ በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ መያዝ እንደሚችል የሚወስነው ክፍል ነው። በ4 ጂቢ ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲከፈት ማሽኑ መጎተት ይጀምራል። ማስቀመጫው 64 ጂቢ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ብዙውን ቦታ ይይዘዋል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ «ቦታ የለም» እያለ ያስቸግራል። በብዙዎቹ ላይ ራሙም ማስቀመጫውም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። ልጅሽ የመጀመሪያውን ሳምንት ትደሰታለች። ከዚያ በኋላ ግን ቀርፋፋ ማሽን ይዛ ትቀመጣለች፤ የላክሽው አንቺ ስለሆንሽ ደግሞ አትነግርሽም።

ስለዚህ ጓደኛሽ ያለችሽ ይሻላል። ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ የሚባሉት ለድርጅቶች የሚሠሩ ላፕቶፖች ናቸው። ትልልቅ ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ተጠቅመው በብዛት ይቀይሯቸዋል፤ ያገለገሉት ታድሰው ለገበያ የሚወጡትም እንዲህ ነው። አካላቸው ጠንካራ ነው። ባትሪ፣ ኪቦርድ፣ ቻርጀር ቢበላሽ መለዋወጫው አዲስ አበባ ይገኛል፤ የሚጠግነውም አይጠፋም። ደሴ ላለች ልጅ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከዱባይ በተገዛ አዲስ ዕቃ ላይ የሚሰጥሽ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አገር ላይ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ደሴ ላይ አይጠቅማትም።

አዲስነቱን ግን በሌላ መንገድ ልትሰጫት ትችያለሽ። ሱቁ ውስጥ በደንብ አስጸጂው። አዲስ ቦርሳና አዲስ ማውዝ ግዢላት፤ ሮዝ ከወደደች ቦርሳው ሮዝ ይሁን። ማሽኑ ሲዘጋጅ የተጠቃሚው ስም የሷ ይሁን፤ ስትከፍተው ስሟ ይምጣ። ያገለገለ መሆኑንም አትደብቂያት። «ጠንካራውን መርጬልሽ ነው» ብትያት የ13 ዓመት ልጅ በደንብ ይገባታል።

ሱቅ ውስጥ አፍራለሁ ላልሽው፣ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ጓደኛሽ ይኼን ነገር ስልክሽ ላይ በእንግሊዝኛ ትጻፍልሽና ለሻጩ አሳዪው፦ ኮር አይ5፣ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ ራም 8 ጂቢ፣ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ፣ ስክሪን 14 ኢንች፣ ዊንዶውስ 11። «ኤስኤስዲ» ማለት ፈጣኑ የማስቀመጫ ዓይነት ነው፤ አትልቀቂው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ይዘገያል፣ ሲወድቅም ቶሎ ይበላሻል። ኮር አይ5 የሚባለው ኢንቴል የተባለው ኩባንያ የሚሠራው የማሽኑ አንጎል ነው፤ ጀነሬሽን ደግሞ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ይናገራል። ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች እንዳትገዢ የምንልሽም በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን ደግሞ ከኢንቴል ማሽኖች በይፋ የሚቀበሉት በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉት ናቸው። ሻጩ በ6ኛው ላይም ጭኖ ሊያሳይሽ ይችላል፤ በኋላ ግን ማሻሻያ ሲወጣ ችግር ያመጣል።

ጀነሬሽኑን ራስሽ ማወቅ ትችያለሽ። የማሽኑን መረጃ አሳየኝ በይው። አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ቁጥር አለ። 8250 ከሆነ በ8 ስለሚጀምር 8ኛ ነው። 10210 ከሆነ 10ኛ፣ 1135 ከሆነ 11ኛ ነው። 6300 ወይም 7200 ካየሽ አመስግነሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂጂ።

የምትወጪው በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ቀኑን ሙሉ ለዚህ ስጪው። ቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቆች ተደርድረው ታገኛለሽ። ከሻርጃ ጁበይል መነሃሪያ ወደ አል ጉበይባ በሚሄደው አውቶቡስ ብትሄጂ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ብቻሽን አትሂጂ፣ ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ። በመጀመሪያው ሱቅም አትግዢ፤ ሦስት አራት ቦታ ዋጋ ጠይቂ። የመረጥሽውን ቁጭ ብለሽ ሞክሪው። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ነክተሽ እያንዳንዱ ፊደል መጻፉን እዪ። ካሜራውን አስከፍቺ፣ ድምፁን ስሚ፣ ከዋይፋይ ጋር አገናኚው። ቻርጀሩን ንቀዪና በባትሪ ብቻ ሲሠራ እዪው። «የባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» በይው፤ ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል። አዲስ እያለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። በግማሽ ከቀነሰ ወይ ባትሪ ይቀይርልሽ ወይ ዋጋ ይቀንስልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከድርጅት የወጡ አንዳንድ ማሽኖች የድሮው ድርጅት ቁልፍ አለባቸው። ሱቅ ውስጥ ሲከፈቱ ደህና ይመስላሉ፤ አንድ ቀን ፎርማት ሲደረጉ ግን የማታውቂውን ድርጅት አካውንት ይጠይቃሉ። ስለዚህ እዚያው እፊትሽ ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርጎ፣ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ እንደ አዲስ እንዲከፍተው አድርጊ። ጊዜ ይወስዳል። ሻጩ ቢቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ። ደረሰኝም ተቀበዪ።

የማዳምሽን ስጦታ በተመለከተ፣ በነጻ የተገኘ ነገር አይናቅም። ከላይ ያልነውን የሚያሟላ ከሆነ ገንዘብሽ ይተርፍልሻል፤ ለሌላ ነገር ታውዪዋለሽ። የማያሟላ ከሆነ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሌላ አግኝቻለሁ» ብለሽ መተው ትችያለሽ። ይሉኝታ ይዞሽ የማይሠራ ዕቃ አገር አትላኪ። የምትወስጂው ከሆነ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ልጇ አካውንቱን አጥፍቶ ባዶ አድርጎ ይስጥሽ፤ የትምህርት ቤቱ ማሽን ከነበረ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የለቀቀው መሆኑን አረጋግጪ። ሁለተኛ፣ በስጦታ እንደሰጠችሽ በጽሑፍ ያዢ። ዋትስአፕ ላይ «ላፕቶፑን ለልጄ ስለሰጠሽኝ አመሰግናለሁ» ብለሽ ብትጽፊላትና ብትመልስልሽ ይበቃል። መልእክቱን አታጥፊው። ማዳምሽን መጠርጠር አይደለም። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት የአሠሪዋን ዕቃ ይዛ ስትገኝ ነገር ሊነሳ እንደሚችል አንቺም ታውቂያለሽ፤ ከቤቱም ማን ምን እንደሰጠሽ የማያውቅ ሰው አይጠፋም።

አሁን ደግሞ በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር አለ፤ የወንድምሽ ልጅ። 16 ዓመቱ ነው፣ ወንድ ነው፣ እዚያው ቤት ነው። እውነቱን እንነጋገርና፣ ላፕቶፑ ደሴ በገባ በሳምንቱ ማን እጅ የሚሆን ይመስልሻል? ልጁ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እሱም ላፕቶፕ ይፈልጋል፣ ታላቅ ነው፣ ከሷ ይልቅ ያውቅበታል። እሷ ደግሞ መከልከል አትችልም፤ አጎቷ ባለበት ቤት፣ አያቷ እጅ ላይ ያለች ልጅ ናት። የወንድምሽም ተቃውሞ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለናል፤ የራሱ ልጅ ሳያገኝ የእህቱ ልጅ ሲመጣላት ምን ይሰማው ይሆን?

ስለዚህ ዕቃው ከመላኩ በፊት ለወንድምሽ ደውዪለት። በጽሑፍ ወይም በእናትሽ በኩል አይሁን። «ላፕቶፑ የልጄ ነው። ግን የአንተም ልጅ ተማሪ ነው፤ በየትኛው ሰዓት ቢጠቀም ትላለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ሐሳቡን ስትጠይቂው ውሉን እሱም ያስከብረዋል። ለምሳሌ በሥራ ቀን ማታ የልጅሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሱ ሊሆን ይችላል። ለልጁ የራሱ መግቢያ ይከፈትለት፤ የሷን ሥራ እንዳያጠፋባት፣ እሱም የሷ ውስጥ እንዳይገባ። ከቻልሽም ልጁን ራሱን አናግሪው። «እሷ ስለማታውቅ አንተ አስተምራት» ብትይው አስተማሪዋ የመሆን ዕድል ሰፊ ነው። ለሱ ደግሞ ፍላሽ ዲስክ ላኪለት። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን እሱንም አስታውሰሻል።

የእናትሽ ስጋት ደግሞ ተገቢ ነው። ላፕቶፑ ከቤት አይወጣም፣ ትምህርት ቤትም አይሄድም ብትባባሉ እሳቸውም ይረጋጋሉ። ማታ ማታ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉ እሳቸው ጋ ይሁን። የምትሠራበትም ሳሎን ይሁን፤ መኝታ ቤት አይግባ። ይኼ ከሌባ ብቻ ሳይሆን አንቺ በደብዳቤሽ ካልጻፍሽው፣ ግን ሳታስቢው ከማትቀሪው ስጋትም ይጠብቃታል። ኢንተርኔት ላይ ምን ታይ ይሆን ብለሽ ስታስቢ እንቅልፍ የሚነሳሽ ቀን ይመጣል። ለዚህ የማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ለልጅሽ የልጅ አካውንት ከተከፈተላት፣ አንቺ ሻርጃ ሆነሽ በስልክሽ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጠቀም መወሰን ትችያለሽ። የማይሆኑ ድረ ገጾችንም ያግዳል፤ ማገጃው የሚሠራው ግን ኤጅ በሚባለው መክፈቻ ላይ ነው። ይኼን ስታደርጊ ግን ለልጅሽ ንገሪያት። ሳታውቅ ብትከታተዪያት፣ ባወቀችበት ቀን አሁን የጀመረችውን መጠየቅ ታቆማለች። በጣም የምንፈራልሽ ይኼንን ነው።

ከ1,100 ድርሃምሽ ሙሉውን ለማሽኑ አታውጪ። ለቦርሳ፣ ለማውዝ፣ ለፍላሽ አስቀሪ። የኤምሬትስ ቻርጀር ሶኬት ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ደሴ አይገባላትም፤ ከአዳፕተሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ገመድ ብቻ በባለሁለት ክብ ጥርስ ቀይሪው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ተመሳሳይ ስለሆነ ሌላ ምንም አያስፈልግም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሩን እንዳያቃጥልባት ግን ጥሩ ዲቫይደር አገር ቤት ይገዛላት፤ መብራት ሲጠፋ ነቅላ በባትሪ ትሥራ።

ኔትወርክ የሌለበትም ቀን ስላለ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ፕሮግራሞችን እዚያው ሱቅ አስጭኚላት። ሊብሬኦፊስ ለመጻፊያ በነጻ ይገኛል። ስክራች የሚባለው የልጆች ኮዲንግ መለማመጃም ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ ስላለ ማስከፈት ብቻ ነው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መጻሕፍትን በፒዲኤፍ አስገቢላት፤ ለሚኒስትሪው ይረዳታል።

ጓደኛሽ ስትሄድ ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው። ባትሪ ያለበት ዕቃ ነው፣ የሚሰበርም ነው፤ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሂድ። ፍተሻ ላይ ክፈቺው ቢሏት እንዲከፈት ቻርጅ ተደርጎ ይሁን፤ ስለ ጉምሩኩም አስቀድማ ትጠይቅ። ከመስጠትሽ በፊት የሴሪያል ቁጥሩንና ደረሰኙን ፎቶ አንሺ። ሱቅ ሄደሽ የሚያሳዩሽ ነገር ግራ ካጋባሽም የማሽኑን መረጃ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን፤ አይተን እንነግርሻለን።